ደብዳቤው ላይ ያለው ስልክ ቁጥር

ሰኞ በዓል ስለነበር፣ ማክሰኞ ጠዋት አንድ ሰዓት ላይ የዋይሎማ መርከቦች ድርጅት ሠራተኞች የኮምፒውተሩን ክፍል ሲከፍቱ፣ ከኔትወርኩ ሳጥን ጀርባ የክብሪት ቀፎ የምታክል ጥቁር ዕቃ ተሰክታ አገኙ። ከክፍሉ የተወሰደ አንድም ነገር አልነበረም። የጠፋው ኮምፒውተሮቹ ውስጥ የነበረው ነው፤ የስድስት ዓመት የመርከብ ጥገና መዝገብ ከነመጠባበቂያ ቅጂው ታጥቦ እንደተሰጣ አንሶላ ነጭ ሆኗል።

ኢንስፔክተር ሎሳና ቆሮዱዋ ወሬው ሲደርሳት አልደነቃትም። እንግሊዝ አገር፣ ሊድስ ከተማ፣ ስድስት ዓመት የኮምፒውተር ወንጀል ተምራ ከተመለሰች ወዲህ፣ የደሴት አገሯ ዋና ከተማ በሆነችው በሱቫ ውስጥ የሰው ሞኝነት አስደንቋት አያውቅም። ጣቢያው ውስጥ ከኋላዋ “እንግሊዟ” ይሏታል። ታውቃለች። ስሙ የሚያናድዳት ውሸት ስለሆነ ሳይሆን ግማሹ እውነት ስለሆነ ነው፤ ሊድስ እያለች ሱቫ ትናፍቃት ነበር፣ ሱቫ ከገባች ደግሞ የናፈቀችው የትኛውን ሱቫ እንደሆነ ጠፍቶባታል። ከሊድስ የተረፋት ንብረት እጀታው እንጨት የሆነ ጥቁር ጃንጥላ ነው። ለማንም አታውሰውም። እዚህ አገር ያዋሱት ዕቃ የሚመለሰው የተዋሰው ሰው ሲሞት ነው ትላለች።

ጃንጥላውን እያራገፈች ወደ ድርጅቱ አዳራሽ ገባች። ግድግዳው ላይ “የማያውቁትን ሰው አያስገቡ” የሚል ትልቅ ማስታወቂያ ተለጥፏል። ከማስታወቂያው ሥር አንዲት ወፍራም ሴት ካሪ የሚሉት ቅመም የበዛበት ወጥ የተጠቀለለበት ሮቲ፣ ማለትም ቂጣ፣ በቅርጫት ይዛ ለቤተ ክርስቲያን ጣራ ማሠሪያ እያለች ከጠረጴዛ ጠረጴዛ ትዞራለች። ፖሊስ በሞላው ቤት ውስጥ ማን ነሽ ያላት የለም። ሁለት ሰዎች እንዲያውም በር ከፈቱላት።

“ታዲያ እነዚህን ለመዝረፍ ኮምፒውተር መማር ያስፈልጋል?” አለች ሎሳና።

“ካሪው ግን ጥሩ ነው ማዳም” አለ ሳጅን ዳያል። እሱም አንድ ጥቅል ይዟል።

ዳያል ከእሷ በአሥራ አምስት ዓመት የሚበልጥ፣ ሲናገር የማይቸኩል ሰው ነው። ያጣራውን ነገራት። ከሦስት ሳምንት በፊት “አዲ ሎማኒ” የምትባለው የድርጅቱ መርከብ መሪዋ እምቢ ብሏት ዓለት ላይ ወጥታ ዘጠኝ ሰው ሞቷል። የመንግሥት አጣሪ ኮሚሽን የጥገናውን መዝገብ ሊረከብ ቀጠሮ የያዘው ለመጪው ዓርብ ነበር። አሁን የሚረከበው የለም። በሩን ለማያውቀው ሰው የከፈተው ግን ታውቋል፤ ያውና ፕላስቲክ ወንበር ላይ ተቀምጧል። ዋና ሥራ አስኪያጁ ዓርብ ቀትር ላይ ሊያባርረው ደብዳቤውን አስጽፏል፤ ፖሊስም በተባባሪነት እንዲከሰው ይፈልጋል።

ጠባቂው አፒሳይ ይባላል። ሃምሳ ስምንት ዓመቱ ነው፤ ሠላሳ አንዱን እዚያ በር ላይ ቆሟል። ግራጫ ሱሉ፣ ማለትም የወንዶቹን ሽርጥ፣ በንጽህና አሸርጧል። እጆቹን ጉልበቱ ላይ አድርጎ እንደ ቅጣት ተማሪ ተቀምጧል።

“ቅዳሜ ቀትር ላይ የቴክኒሻን ቱታ የለበሰ ሰው መጣ” አለ። “ደብዳቤ ሰጠኝ። ተመለስ አልኩት።”

“ታዲያ ማን አስገባው?”

“ስሚኝ እንጂ ልጄ። ተመለስ ስለው ሳቀ፤ ‘አንተ የሌሊት ወፍ በሊታ፣ ናይካሳዎች በር መዝጋት ከማን ተማራችሁ’ አለኝ። ከየት ነህ ብለው፣ ከናቩኒሶሌ ነኝ አለ።”

የሎሳና ብዕር ቆመ። ናቩኒሶሌ የአባቷ መንደር ነው። ይህን ግን አልተናገረችም።

ቀሪውን ሳይነግራት ታውቀዋለች። የአፒሳይ መንደር ናይካሳና ናቩኒሶሌ ታውቩ ናቸው፤ የሁለቱ መንደሮች የጥንት አባቶች መንፈስ አንድ ነው ስለሚባል፣ ሰዎቻቸው ሲገናኙ እንዳሻቸው ይሰዳደባሉ፣ አንዱ የሌላውን ዕቃ ሳይጠይቅ ያነሣል፣ እምቢ ማለት ነውር ነው። ናቩኒሶሌዎቹ ናይካሳዎቹን የሌሊት ወፍ በሊታ ይሏቸዋል። ናይካሳዎቹ ደግሞ እናንተ ውኃ ላይ ጨረቃን አይታችሁ ዓሣ መስሏችሁ መረብ የጣላችሁ ይላሉ። ሎሳና ልጅ ሳለች አባቷ ገበያ ውስጥ አንድ የማያውቁት ሰው መጥቶ ባርኔጣቸውን ከራሳቸው ላይ አንሥቶ ሲሄድ እየሳቁ ሲያዩት ታስታውሳለች። ያን ቀን ያፈረችው ኀፍረት እንግሊዝ ድረስ ተከትሏታል።

“ስለዚህ ሰደበዎትና ከፈቱለት።”

“ካቫም ቀዳሁለት” አለ አፒሳይ፤ ለእንግዳ የሚቀዳውን የሥር መጠጥ ማለቱ ነው። “ግን ዝም ብዬ አይደለም። ደብዳቤው ላይ ስልክ ቁጥር አለ። ደወልኩ። አንድ ነጭ አነሣና አዎ የእኛ ሰው ነው አለ። ያባትሽ መንደር የት ነው ልጄ?”

“ጠያቂዋ እኔ ነኝ።”

ደብዳቤውን ተቀበለችው። ሰውዬው ለጠባቂው ትቶለት ሄዷል። የድርጅቱ ማኅተም አለበት። የዚህ ደብዳቤ አምጪ ባሕር ማዶ፣ ብሪዝበን ከተማ ከሚገኝ የደህንነት ፈታኝ ድርጅት የተላከ መሆኑን፣ ሠራተኞችን አታልሎ በመግባት የኔትወርኩን ጥበቃ እንዲፈትን መፈቀዱን፣ ከተያዘ ከታች ባለው ቁጥር ተደውሎ እንዲጣራ ይገልጻል። የፈረመው ምክትል ሥራ አስኪያጁ ኤድዊን ፓስኮ ነው።

እንዲህ ያለውን ደብዳቤ ሎሳና በደንብ ታውቀዋለች። ሊድስ ውስጥ እሷም አንድ ክረምት ይህን ሥራ ሠርታለች፤ ኬክ ይዛ ባንክ ገብታለች፣ ነፍሰ ጡር መስላ የመንግሥት ቢሮ አስከፍታለች። ፈታኞች ደብዳቤውን ኪሳቸው ውስጥ ሳይዙ ከቤት አይወጡም፤ ሲያዙ ከእስር የሚያድናቸው እሱ ነው። ፈተናውንም ከአንድ ወይም ከሁለት አለቃ በቀር ማንም እንዲያውቅ አይደረግም። ሁሉም ነገር እንደ ሥራው ደንብ ነው።

እዚያው አዳራሹ ውስጥ ቆማ ደወለች። ሁለት ሰዓት ከአርባ ነበር።

ቴረንስ ሆስኪን ነኝ ያለ ሰው አነሣ። ረጋ ያለ፣ የሰለጠነ ድምፅ ነው። ፈተናው የእነሱ መሆኑን፣ የላኩት ልጅ ዕቃዋን ሰክቶ ከመውጣት በቀር ምንም እንዳልነካ፣ ዝርዝሩን በጽሑፍ እንደሚልክ ነገራት። ሎሳና በሰው አነጋገር አገሩን በመለየት ትኮራለች፤ ይህ የኩዊንስላንድ፣ የዚያው የብሪዝበን አካባቢ ሰው ነው፣ ምናልባትም የአዳሪ ትምህርት ቤት ልጅ። በሁለት ቀን ውስጥ እንደ ሰው ያነጋገራት የመጀመሪያው ሰው እሱ ነበር። ማስታወሻዋ ላይ “ተረጋግጧል” ብላ ጻፈችና ከሥሩ ሁለት ጊዜ አሰመረች።

ፓስኮ ከፎቅ የወረደው ዘግይቶ ነው። ስልክ ይዞኝ ነበር ብሎ ይቅርታ ጠየቀ። አያቱ ከእንግሊዝ የመጡ፣ እናቱ የአገሩ ተወላጅ የሌቩካ ሴት፣ ሌላው ለዓርብ የሚያስቀምጠውን ቀይ አበባ የታተመበት ሸሚዝ ማክሰኞ የሚለብስ ደስተኛ ሰው ነው። አዎ፣ ፈተናውን ያዘዘው እሱ ነው። ከብሪዝበኖቹ ጋር ሁለት ሳምንት ተነጋግሯል። ቅዳሜና እሑድ ግን ላውቶካ ከተማ ሄዶ ራግቢ ሲያይ ነበር፤ የስታዲየሙን ፎቶ አሳያት፣ አብረውት የነበሩትን ስድስት ሰዎች ስም ሳትጠይቀው ጻፈላት።

“የሚያሳዝነው አፒሳይ ነው” አለ። “ፈታኙ ሄደ። እሑድ ቁልፉ የማን እጅ ነበር? የእሱ። ሰው ገንዘብ ካሳዩት...” አልጨረሰውም። ጭንቅላቱን ነቀነቀ።

ሎሳና ጭንቅላት ከሚነቀንቁ አለቆች ይበልጥ የምትንቀው የለም። የተናገረው ግን ልክ ነበር።

የኔትወርኩ ኃላፊ ወይዘሮ ፑሽፓ ናራያን ናት። መዝገቡ የተደመሰሰው እሑድ ከሰዓት በኋላ፣ በእሷ ስምና የይለፍ ቃል ነው። ሎሳና ከጠዋት እስከ ምሳ ያዘቻት፤ ፑሽፓ እሑድ የት እንደነበረች ሦስት ዓይነት መልስ ሰጠች። ሎሳናም አገኘኋት አለች። ወዲያው ዳያል ሦስቱንም አጣርቶ መጣ፤ ሴትዮዋ በእርግጥ ሦስት ሰርግ ነበራት።

የይለፍ ቃሉ ያለፈው ሐሙስ በስልክ ነው የወጣው። አንድ ጨዋ ሰው ደውሎ፣ የፕሮግራሙ ሻጭ ነኝ፣ ከብሪዝበን ነው የምደውለው፣ ጥገና ላይ ነን አላት።

“ሰጠሽው?”

“ሦስት ጊዜ ይቅርታ ጠየቀኝ” አለች ፑሽፓ ዓይኗ እንባ አቅርሮ። “እዚህ ቤት ማንም ይቅርታ ጠይቆኝ አያውቅም።”

ሎሳና ብዕሯን ከደነች። ይህን ሕዝብ ለማታለል ዕውቀት አያስፈልግም፣ አለች በልቧ፤ ጨዋ መሆን ይበቃል።

ረቡዕ ቀኑን ሙሉ በአፒሳይ ቤት የተደበቀ ነገር ሲፈለግ ዋለ። የተገኘው ምንጣፍ፣ የዓሣ መረብና የሠላሳ ዓመት የደመወዝ ወረቀት በገመድ ታስሮ ነው። ዳያል ወረቀቶቹን በነበሩበት ቅደም ተከተል መልሶ አሰራቸው። ይህ ሰው ሌባ አይመስለኝም አለ። ሎሳና፣ ሌባ ሳይሆን ሞኝ ነው፣ ለሞኝም የሚሆን አንቀጽ አለ ብላ መለሰችለት።

ሐሙስ አፒሳይን ጣቢያ አስጠራችው። ዝናቡ ቆርቆሮውን ይደበድበዋል። የክሱን ወረቀት ጠረጴዛው ላይ ዘረጋች።

ያ ሰው የእርስዎንና የናቩኒሶሌን ነገር ከማን ሰማ ብላ ጠየቀችው። አፒሳይ ትከሻውን ነቀነቀ። ዓርብ ዓርብ ከሥራ በኋላ ሁሉም ምንጣፍ ላይ ተቀምጦ ካቫ ይጠጣል፣ እሱም በየሳምንቱ ያንኑ የጨረቃ ቀልድ ይደግማል፤ ከዋናው አለቃ እስከ ጽዳት ሠራተኛው የማይሰማው የለም። እንዲያውም ቅዳሜ ተራው አልነበረም። ያለፈው ሐሙስ ማታ አቶ ፓስኮ ጠርተውት ተራውን ለውጠውበት ነው።

ሎሳና ይህን ጻፈችው፤ ልብ አላለችውም። ንዴቷ ሌላ ቦታ ነበር።

“አንድ ነገር ልንገርዎት” አለች። “ሌባ ደብዳቤ ይዞ ሲመጣ ቁጥሩንም ራሱ ነው የሚጽፈው። የመጀመሪያ ዓመት ተማሪ የሚያውቀው ነው። ማጣራት ማለት ቁጥሩን ከሌላ ቦታ ፈልጎ መደወል ነው። እርስዎ ሌባውን ሌባ ነህ ወይ ብለው ራሱን ነው የጠየቁት። ሠላሳ አንድ ዓመት በር ላይ ቆመው ይህ እንዴት አልገባዎትም?”

አፒሳይ ጥቂት አሰበ። ሊያስቀይማት የፈለገ አይመስልም ነበር።

“ልክ ነሽ” አለ። “አንቺስ በየትኛው ቁጥር ደወልሽ?”

ዳያል ከመስኮቱ ዞረ። ሎሳና ማስታወሻዋን ገልጣ ሁለት ጊዜ የተሰመረበትን ቃል አየችው። ከዚያ የክሱን ወረቀት አጣጥፋ መሳቢያ ውስጥ ከተተችው።

ብሪዝበን ያለውን ፈታኝ ድርጅት ዳያል ከአገሩ የንግድ መዝገብ አውጥቶ ደወለለት። አንዲት ሴት አነሣች። ዋይሎማ የሚባል መርከብ ድርጅት አናውቅም፤ ቴረንስ ሆስኪን የሚባል ሠራተኛም የለንም አለች።

“እኔ መጀመሪያም አንድ ነገር ከንክኖኝ ነበር ማዳም” አለ ዳያል ስልኩን እያስቀመጠ። “የደወሉት ሁለት ሰዓት ከአርባ ነው። ብሪዝበን ከእኛ በሁለት ሰዓት ወደኋላ ነው። ገና አሥራ ሁለት ሰዓት ከአርባ። በዚያ ሰዓት ቢሮ ገብቶ፣ ጉሮሮውን ጠርጎ የሚጠብቅ ፈረንጅ አይተው ያውቃሉ?”

“ለምን አልነገርከኝም?”

“እርስዎ ፈረንጅ አገር ተምረዋል ብዬ።”

ስድብ ይሁን አይሁን ልትለየው አልቻለችም። ፓስኮ ትዝ አላት፤ እሷ አዳራሹ ውስጥ ስትደውል እሱ ፎቅ ላይ ነበር፣ ሲወርድም ስልክ ይዞኝ ነበር ብሏል። የት እንደተማረ ጠየቀች። ብሪዝበን፣ አዳሪ ትምህርት ቤት፣ ስምንት ዓመት። እዚያ በለመደው ቅላጼ የቀየረው የጨዋ ድምፁ ፑሽፓን በይቅርታ፣ እሷን በአነጋገር ነው የገዛው። ተራ ቀይሮ ጠባቂውን መረጠ፤ ቱታ ለለበሰው ቅጥረኛ ደግሞ የዓርቡን ቀልድ አስጠናው። የላውቶካው ራግቢ ምስክር ሊሆነው አይችልም፤ ስልክ የትም ሆነው ያነሡታል፣ መዝገብንም በተሰካችው ዕቃ በኩል ከሩቅ ይደመስሱታል።

ዳያል ሄደን እንያዘው አለ።

“ቢያዝ ምን ይላል?” አለች ሎሳና። “እኔም ተታለልኩ ይላል። እነሱ ነን ብለው ደወሉልኝ፣ አምኜ ፈረምኩ ይላል። ማን ውሸትህን ነው ይለዋል? እኔ? ኢንስፔክተሯም ተታልላለች ብሎ ምስክር አድርጎ ይጠራኛል።”

ሰዓቱ አሥር ሆኗል። የአፒሳይ መባረሪያ ነገ ቀትር ላይ ይፈረማል። አጣሪው ኮሚሽንም ነገ ባዶ እጁን ይመለሳል። ሎሳና ስልኩን አነሣችና ደብዳቤው ላይ ያለውን ቁጥር ደወለች።

ሆስኪን እንደ ልማዱ ጨዋ ነበር። እሷም ጨዋ ሆነች። ስላስቸገረችው ሦስት ጊዜ ይቅርታ ጠየቀችው። ጉዳዩ እየተዘጋ ነው አለች፤ ጠባቂው ነገ ይከሰሳል፣ የቀረን ትንሽ ነገር ናት። “አዲ ሎማኒ” ከዓለቱ ተጎትታ ዋሉ ቤይ ወደብ ታስራ ቆማለች፤ በአደጋው የሞቱት መካኒክ ጥገናውን በእጃቸው የሚጽፉበት ወፍራም መጽሐፍ የሞተሩ ክፍል ውስጥ እንዳለ አሁን ሰማን። ነገ አራት ሰዓት ላይ ሄደን እናመጣዋለን፤ ለሪፖርታችሁ ይጠቅማችኋል? ሆስኪን አመሰገናት። ብዙም አይጠቅመንም አለ።

መጽሐፍ የሚባል ነገር አልነበረም። ይህን ወሬ የሰማ ሰውም ከእሷ፣ ከዳያልና ከዚያ ቁጥር ባለቤት በቀር የለም።

“መርከቧ በር ላይ ሰው ያስፈልገናል” አለች። “ኮሪደሩ ላይ የተቀመጠውን ሰውዬ ጥራልኝ።”

“ተጠርጣሪውን?”

“ሥራውን ከሱ የበለጠ የሚፈልግ ሰው ካለህ አምጣው።”

ዓርብ ጠዋት አንድ ሰዓት ተኩል ላይ ፓስኮ ብቻውን መኪና እየነዳ ዋሉ ቤይ ደረሰ። ሎሳናና ዳያል ከላይ፣ መስታወቱ በተሰነጠቀው የመሪ ክፍል ውስጥ ጎንበስ ብለዋል። መርከቧ ገና የዘይትና የጭቃ ሽታ አላት። አፒሳይ መሰላሉ አፍ ላይ ቆሟል፤ ሱሉው ዛሬም በንጽህና ተሸርጧል።

“አንተ ታግደህ የለም እንዴ?” አለው ፓስኮ።

“የታገድኩት ከቢሮው በር ነው ጌታዬ። ስለ መርከቧ የነገረኝ የለም።”

ፓስኮ ሳቀ። ሞኝነትህ አንድ ቀን ይጠቅምሃል እያለ ትከሻውን መታ አድርጎ ሊያልፍ ሞከረ። አፒሳይ አልተንቀሳቀሰም።

“ምን ሊወስዱ ነው ጌታዬ?”

“የሞተሩን ክፍል መጽሐፍ ነዋ። የመካኒኩን። ኮሚሽኑ ዛሬ ይፈልገዋል።”

ዳያል ሎሳናን አያት። እሷ ጣቷን አነሣች፤ ትንሽ ቆይ።

“ፈቃድ ካለዎት ላጣራ” አለ አፒሳይ።

ፓስኮ ፊቱ ተለወጠ። እኔ ምክትል ሥራ አስኪያጅህ ነኝ፣ ከማን ነው የምታጣራው አለው። ከፈለግህ ይኸው፣ ዋናው አለቃ ጋ ልደውልልህ ብሎ ስልኩን ዘረጋለት።

“አይ፣ የእርስዎን ስልክ አልጠቀምም” አለ አፒሳይ። “ትናንት የነገሩኝ ቁጥሩን ከሌላ ቦታ ፈልግ ብለው ነው።” ከሸሚዙ ኪስ የታጠፈ ወረቀት አወጣና በገዛ ስልኩ ቁጥሩን አንድ በአንድ፣ ሳይቸኩል ነካ። የመሪው ክፍል ውስጥ የሎሳና ስልክ ጮኸ።

ሲፈተሽ ፓስኮ ላይ ሁለት ስልክ ተገኘ። አንደኛው የደብዳቤው ነው። ቱታ የለበሰውን ሰው በዚያው ስልክ ውስጥ ባለ ቁጥር ተከታትለው ናንዲ አየር ማረፊያ አገኙት፤ ትኬቱን ቆርጦ ሮቲ እየበላ ነበር። መካኒኩ የመርከቧ መሪ መበላሸቱን አምስት ጊዜ ጽፈውለት አምስቱንም ጊዜ “መርከቧ ትሂድ” ብሎ እንደፈረመ፣ ፓስኮ ማንም ሳይመታው ለዳያል ተናገረ። ሲናገርም አሥር ጊዜ ይቅርታ ጠየቀ።

የሎሳና አዛዥ ሪፖርቱን አንብቦ አንድ አንቀጽ ላይ በእርሳስ አከበበ። ማክሰኞ ስለተደወለው ስልክ የምታወራዋ ክፍል ብትወጣ ጉዳዩ አይጎድልበትም፣ ለአንቺም ለእኛም ጥሩ ነው አላት።

ሎሳና አሰበችበት። ያቺ አንቀጽ ከወጣች አፒሳይ እንደገና ሳያጣራ በር የከፈተ ሞኝ ይሆናል፤ ዋና ሥራ አስኪያጁም ብዕሩን ይዞ የቀትሩን ሰዓት እየጠበቀ ነው። አንቀጹን አላወጣችም። አንድ ዓረፍተ ነገር ጨመረችበት፤ ጠባቂው ባጣራበት መንገድ እኔም አጣርቼ፣ ጠባቂው በተታለለበት ተታልዬ፣ በዚህም ምክንያት ንጹሕ ሰው ሦስት ቀን ተጠርጣሪ ሆኗል ይላል። ዋና ሥራ አስኪያጁ አነበበው። እንግሊዝ የተማረችው ኢንስፔክተር የወደቀችበትን ፈተና ጠባቂ ወደቀ ብሎ ማባረር እንዴት እንደሚሆን ጥቂት አስልቶ የአፒሳይን መባረሪያ ቀደደው። ደግ ስለሆነ አይደለም። ጋዜጣ ስለፈራ ነው።

ከሰዓት በኋላ ከድርጅቱ ስትወጣ አፒሳይ በሩ ላይ ቆሟል። ዝናቡ እንደ ገመድ ይወርዳል። የሮቲዋን ሴትዮ አስቁሞ ስሟን መዝገብ ላይ ያስጽፋታል፤ እሷም እየተሳደበች ትጽፋለች።

ሎሳና አጠገቡ ደርሳ ቆመች። ልትናገር ያሰበችው ሌላ ነበር። ከአፏ የወጣው ግን ማክሰኞ ለጠየቃት ጥያቄ መልሱ ነው።

“ያባቴ መንደር ናቩኒሶሌ ነው።”

አፒሳይ ብዕሩን ከሴትዮዋ ተቀብሎ ጆሮው ላይ ሰካ። ከእግር እስከ ራሷ፣ ጊዜ ወስዶ አያት። አራት ቀን ሙሉ ሲያሳይ አይታ የማታውቀውን ሙሉ ንቀት ፊቱ ላይ ዘረጋ።

“ታዲያ አትይኝም?” አለ። “ድሮም ጨረቃ ስታጠምዱ ነው የኖራችሁት። አንቺን ደግሞ ጨረቃ እንዴት እንደሚጠመድ በእንግሊዝኛ አስተምረው መለሱሽ።”

የሮቲዋ ሴትዮ ቅርጫቷን አስቀምጣ ሳቀች። ሎሳና የምትመልሰው ስድብ ነበራት፤ አባቷ ገበያ ውስጥ ሲሉት ሰምታዋለች። ግን ምላሷ ላይ ዝጓል። እሱን ስትፈልግ አፒሳይ እጁን ዘርግቶ እጀታው እንጨት የሆነውን ጥቁር ጃንጥላ ከእጇ ወሰደ፣ ዘረጋው፣ ደህና መሆኑን ወደ ላይ አንጋጦ አየ፣ አውቶቡስ ሊይዝ መንገዱን ተሻገረ።

አልጠራችውም። ዝናቡ ውስጥ ወርዳ ወደ ጣቢያው መራመድ ጀመረች፤ ግማሽ መንገድ ላይ፣ ጫማዋ ውኃ ከሞላ በኋላ፣ የዛገው ስድብ ከምላሷ ተፈታ።

“የሌሊት ወፍ በሊታ” አለች ለራሷ፣ ድምፁን እያሟሸች።